የድልድዩ ዘመድና እትዬ መስኮት

የምሥራች! ምሥር ብላ በሉኝና ልቀጥል። መስኮቱ ተከፈተ! ዛሬ ጠዋት፣ ሳል የያዘውም ሳል የሸሸውም እያየ፣ የጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል መስኮት ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ። ከውስጡም ያ የምናውቀው ፊት፣ አንዱን ቅንድብ ሰቅሎ ሰውን ከእግር እስከ ራስ የሚመዝነው ፊት ብቅ አለ። ሰው አጨበጨበ። ጥርሷን ያመማት አንዲት ሴትዮ እልል ልትል አፏን ከፍታ በሕመም መልሳ ከደነችው። አንዱ ሽማግሌማ ከደስታው ብዛት የመጣበትን ረስቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

የማን መስኮት አትሉኝም? የእትዬ መስኮት ነዋ!

እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው። ጸጉሯ ጥቁር ሳለ ከዚያ መስኮት ኋላ ተቀመጠች፣ እዚያው ሸበተች፤ ስሙም እንደ መዥገር ተጣብቆባት ቀረ። ሥራዋ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ካርድ ከመደርደሪያ ታወጣለች፣ ለሐኪሙ ታደርሳለች፣ ከዚያ በመስኮቱ ብቅ ብላ የባለ ተራውን ስም ትጠራለች። ሁለት ጊዜ። ድምፅዋ አይጮህም፤ ግን ግድግዳ አያግደውም። ጆሮዬ ከድቶኛል የሚል ሰው እንኳ እሷ ስትጠራው ከወንበሩ ሲነሣ ይገኛል።

አንድ ነገር ግን አለባት፤ ትጠረጥራለች። ክፋት የለበትም፣ ተፈጥሮዋ ነው። ወተት ሳታሸት አትቀበልም፣ እንቁላል በፀሐይ ሳታይ አትገዛም። ሕመምተኛው መስኮቱ ላይ ደርሶ ስሙን ሲነግራት፣ «እርግጠኛ ነህ?» ትለዋለች። ባሏ ጎማ ጠጋኝ ነው፣ ሰፈሩ ጎሚስታው ይለዋል፤ ስለ እሷ ሲያወራ ሰው ሆዱን ይዞ ነው የሚስቀው። «ጥላዋ ቀድሟት ከወጣ መታወቂያ ትጠይቀዋለች» ይላል። «ላግባሽ ባልኳት ቀንም እሺ ወይም እምቢ አላለችኝም። ‹ለምን?› ነው ያለችኝ። እስካሁን መልስ እየፈለግሁላት ነው።»

አሁን ስለ ዘመድየው ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ የቀረው ነገር አይገባም።

ከከተማችን በታች፣ ከአሮጌው ድልድይ ሥር፣ ከሸምበቆው ውስጥ አንድ ፍጡር አለ። ስሙን የሚጠራ የለም፤ «የድልድዩ ዘመድ» ብቻ ነው የሚባለው። ዘመድ የተባለውም በዘመድ ድምፅ ስለሚመጣ ነው። ደጃፍህ ላይ ይቆምና በእናትህ ድምፅ፣ በወንድምህ ድምፅ፣ በስምህ ይጠራሃል። አቤት ብለህ የወጣህ እንደሆነ አለቀ። ጫማህ ብቻ፣ አፉን ወደ ቤትህ አዙሮ፣ ከድልድዩ ላይ ይገኛል። ታዲያ ዘመድየው አንድ ድካም አለበት። ትንፋሹ ለአንድ ጥሪ ብቻ ነው የሚበቃው። አንድን ሰው ሁለት ጊዜ መጥራት አይችልም።

ስለዚህ እኛ ዘንድ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት የሚል የለም። እናት ልጇን ሁለት ጊዜ ትጠራለች። እንግዳ ሁለት ጊዜ ያንኳኳል። ጠጅ ሳይቀምስ የተናገረውን የማያስታውስ ሰው እንኳ ይህን አይረሳም። ይሁን እንጂ ነገሩን አንናገረውም። ለእንግዳ ቀርቶ እርስ በርሳችንም አናነሣውም፤ ጮክ ብሎ መናገር ለራሱ ለዘመድየው ማስተማር ነውና። ሰምቶ ሁለት ጊዜ መጥራት ከተማረ ማን ይተርፋል? እኔ እዚህ ላይ መጻፌ ግን አያስፈራም። ዘመድየው ማንበብ አይችልም።

እንግዲህ ሰሞኑን ሁለት ወሬ አብሮ ገባ። አንደኛው፣ ለጤና ጣቢያው ተራ የሚጠራ ማሽን ሊመጣ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የጫማ ሰፊው ልጅ ካሜራ አንጠልጥሎ ከሄደበት ተመልሷል፣ ስለ ድልድዩ ዘመድ የሚያስፈራ ፊልም ሊሠራ ነው የሚል። እትዬ መስኮት የመጀመሪያውን ወዲያው አመነች። ሁለተኛውን ስትሰማ ቅንድቧ ተሰቀለ።

አንድ ቀን የጫማ ሰፊው ልጅ ከሕመምተኞቹ መሐል ተቀምጦ አየችው። በእጁ በጸጉራም ነገር የተሸፈነ እንጨት ይዟል፣ ጫፉን ወደ መስኮቱ አዙሮታል።

«ምንህን ነው ያመመህ?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ እትዬ።»

«ደህና ከሆንክ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ድምፅ ላዳምጥ ብዬ ነው።»

«የማንን?»

ልጁ ሳቀ። ሲነሣም ወደ በሩ አልሄደም፤ ወደ ጤና ጣቢያው ኃላፊ ቢሮ ገባ። በመስታወቱ አሻግራ ስታይ ሁለቱ ይጨባበጣሉ። ትንሽ ቆይቶ ልጁ ባዶ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ወጣ። እግሩ ደህና፣ ወገቡ ደህና፣ ወንበር እየገፋ! «ሆሆይ» አለች እትዬ መስኮት ለብቻዋ።

ቤት ስትገባ ጎሚስታው እጁን በሳሙና ያሻል።

«ድምፄን ሊሰርቁኝ ነው» አለችው ጫማዋን ሳታወልቅ።

«እነማን?»

«ኃላፊውና ያ የጫማ ሰፊ ልጅ። ቀርጸው ማሽኑ ውስጥ ሊከቱት ነው። ከዚያ ‹በቃሽ፣ ቤትሽ ተቀመጪ› ሊሉኝ ነው።»

«ድምፅሽን ከወሰዱልኝማ ጉልበታቸውን ነው የምስመው።»

«ቀልድ! ወንበርም ወስዷል።»

«ካሜራ ሊያስቀምጥበት ነዋ። የሚንሸራተት ጋሪ መከራያ የለውም። ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ይገፉታል፣ እየሄደ ያነሣል። ጎማውንም የነፋሁለት እኔ ነኝ።»

እትዬ መስኮት ባሏን ትክ ብላ አየችው። «አንተም አለህበት ማለት ነው።»

ጎሚስታው ሳሙናውን አስቀመጠና ወደ ጣሪያው አየ።

እውነቱን ለመናገር ፊልሙ የድሀ ፊልም ነበር። መብራቱ የታክሲ መብራት፣ ደሙ የቲማቲም ድልህ፣ ጉሙ ከተቃጠለ ጎማ የሚወጣ ጭስ ነበር፤ ለጎማው አቅራቢው ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ለዘመድየው ልብስ ከፍራሽ ስፖንጅና ከአሮጌ ሰው ሠራሽ ጸጉር ተሰፋለት። የመጀመሪያው ቀን ዝናብ መታው። ስፖንጁ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ዘመድየው ወንዝ የወሰደው በግ መሰለ፤ ሊያይ የተሰበሰበው ሰው በሳቅ ፈረሰ። የጫማ ሰፊው ልጅ ድልድዩ ላይ ቁጭ ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ። ከዚያ ግን አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ዘመድየው አይታይ፣ ይሰማ ብቻ። የማን ድምፅ? ከተማው በሙሉ ሲሰማው ከወንበሩ የሚነሣለት ድምፅ።

እናም በማግሥቱ መስኮቱ ላይ መጥቶ ቆመ።

«እትዬ፣ አንድ ቃል ብቻ እንዲጠሩልኝ ነው።»

«ምን ብዬ?»

«እርስዎ እንደፈለጉ። ብቻ አንድ ጊዜ ነው።»

የእትዬ መስኮት ጸጉር ቆመ። አንድ ጊዜ? አንድ ጊዜ ብቻ መጥራት የሚፈልግ ማነው? በሸምበቆው ውስጥ ያለው፣ ደግሞም ማሽን። ማሽን እንደ ሰው አይደጋግም፤ አንዴ ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል ሲባል ሰምታለች። አሁን ተጨበጠ! ታዲያ ለምን እሺ አለች ብትሉ፣ ሌባን ከሩቅ ከማማት አጠገቡ ሆኖ እጁን ማየት ይሻላል ብላ ነው።

ቀረጻው በጤና ጣቢያው የብርድ ልብስ ማከማቻ ውስጥ ሆነ፤ ብርድ ልብሱ የውጭ ድምፅ ስለሚይዝ። ልጁ ጸጉራሙን እንጨት፣ ለካ ማይክሮፎን ኖሯል፣ አፏ አጠገብ አቆመና ጠየቃት።

«ልጅ ሳሉ እናትዎ ከደጅ ሆነው ምን ብለው ነበር የሚጠሩዎት?»

«ለምን ፈለግኸው?»

«እውነተኛ እንዲሆን ነው።»

ይህ ደግሞ ከማሽኑ ጋር ምን አገናኘው? አለመገናኘቱ ራሱ አጠራጠራት። ቢሆንም እናቷ የምትላትን ለማለት አፏን ከፈተች። እናቷ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ቃሉም ከዚያ ወዲህ ከማንም አፍ ወጥቶ አያውቅም።

«ወለላዬ! ወለላዬ!»

«አንዴ ብቻ፣ እትዬ።»

«እሺ። ወለላዬ! ... ወለላዬ!»

«ሁለተኛውን ይተዉልኝ።»

«ወለላዬ!» አለችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከእጇ ሥር ግን «...ላዬ» አምልጦ ወጣ።

ልጁ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ሁለተኛውን ቆርጦ መጣል ይችላል፤ ችግሩ እሱ አይደለም። «የመጀመሪያው ሁለተኛውን አርግዞታል» አላት። «ሌላ እንደሚከተል ከድምፅዎ ይታወቃል። ሰው ደግሞ ሁለተኛው እንደሚመጣ ካወቀ ምን ያስፈራዋል?» እሱም የአገሩ ልጅ ነውና ይህን ያለው በሹክሹክታ፣ ወደ ብርድ ልብሱ ዞሮ ነው።

ደግማ ልትሞክር ትንፋሽ ሰበሰበች። «ወለላዬ!» አለች። በዚያች ቅጽበት በሩ ገርበብ ሲል አየች፤ በስንጥቁም የኃላፊው አፍንጫ ብቅ አለ። ያዝኩህ! አለች በልቧ። ሁለተኛው ጥሪ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ዋጥ አለ። የመጀመሪያው በአየር ላይ፣ መሐሉ እንደተቆረጠ ገመድ ተንጠልጥሎ ቀረ። ግማሹ ፍቅር፣ ግማሹ ጥርጣሬ።

የጫማ ሰፊው ልጅ ክንዱን አሸት አሸት አደረገ። «በስመ አብ» አለ። «ይኸው ነው። ይኸው ነው፣ እትዬ!»

«ወንበሩ መቼ ነው የሚመለሰው?» አለ ኃላፊው ከበሩ። እሷ ግን ይህንንም አላመነችም።

ማሽኑ በሳምንቱ መጣ። ቁመናው እንደ ቁም ሳጥን፣ ፊቱ መስታወት። ወረቀት ቀድዶ ቁጥር ይሰጥሃል፣ ተራህ ሲደርስ ቁጥርህን ይጠራል። እትዬ መስኮት እጆቿን አጣምራ ፊቱ ቆመች፣ የራሷን ድምፅ ልትሰማ። ማሽኑ ተነፈሰና የአንዲት የማትታወቅ ሴት ድምፅ፣ ስኳር የበዛበት ድምፅ፣ «ቁጥር አንድ» አለ። እሷ አይደለችም! መጀመሪያ ደስ አላት፣ ቀጥሎ ተናደደች። «የእኔን እንኳ አልፈለጉትም!»

ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። ቁጥር አንድ አልተነሣም፤ ሁለተኛውን ጥሪ ይጠብቃል። ማሽኑ ቁጥር ሁለት አለ። ቁጥር ሁለትም ይጠብቃል። እንዲህ እያለ ማሽኑ የቤቱን ሰው ሁሉ ጠርቶ ጨረሰ። ሐኪሙ ባዶ ክፍል ውስጥ እስክሪብቶውን ሲያሽከረክር፣ ውጭ ደግሞ ሕመምተኛው ወረቀቱን ይዞ እንደ ፎቶግራፍ ተቀምጦ ተገኘ። በማግሥቱም እንዲሁ።

ኃላፊው ከሌላ አገር የተመደበ ነው፤ ንጹሕና ሰዓት አክባሪ ሰው። የሰው በር አንዴ አንኳኩቶ ማንም ስለማይከፍትለት፣ የዚህ ከተማ ሰው ኩሩ ነው ብሎ ደምድሞ ነበር። አሁን ደግሞ ሌላ ድምዳሜ መጣለት። እትዬ መስኮትን አስጠራትና በሩን ዘጋ።

«እርስዎ ነዎት ያሳደሟቸው።»

«እኔ?»

«ማሽኑን አትታዘዙ ብለው። አለበለዚያ ይህ ሁሉ ሰው ለምን አይነሣም? ይንገሩኝ።»

እትዬ መስኮት አፏን ከፈተች። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚበቃው። ያ ዓረፍተ ነገር ግን የከተማው ሁሉ ነው፣ መስኮቱም ክፍት ነበር፣ ወንዙም ቁልቁል ይታያል። አፏን ዘጋች።

«ዝምታ መልስ ነው» አለ ኃላፊው። «ከነገ ጀምሮ ጀርባ ካለው ክፍል አሮጌ ካርድ ይለዩ። መስኮቱ ይዘጋል። አሳዳሚነትዎ ከተረጋገጠ ደግሞ ከነጭራሹ ይሰናበታሉ።»

እድሜ ልኳን ሰውን ስትጠረጥር ኖራ፣ በመጨረሻ ተጠርጣሪ ሆነች። ሕመምተኞቹም አዘኑላት፣ ግን የተናገረ የለም። ጎሚስታው እንኳ ቀልዱ ጠፋበት። ፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ «ልንገረው?» አላት። «ምላስህን ሰብስብ!» አለችው።

ፊልሙ ትናንት ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ታየ። መስኮቶቹ በዚያው በጤና ጣቢያው ብርድ ልብስ ተሸፈኑ። ስለ ብርድ ልብሱና ስለ ወንበሩ ምስጋና ኃላፊውም ተጋብዞ ከፊት ተቀመጠ። እትዬ መስኮት አልሄድም ብላ ነበር፤ ጎሚስታው «ሌባን አጠገቡ ሆኖ ማየት ያልሽው አንቺ አይደለሽ?» ብሎ በገዛ ቃሏ አስሮ አመጣት። ሆን ብሎ ይሁን ሳያስበው፣ ከኃላፊው ጎን አስቀመጣት። ሁለቱ ሰላም አልተባባሉም።

ፊልሙ እየሄደ ሰው ይስቅ ነበር። ካሜራው በተንቀሳቀሰ ቁጥር የወንበሩ ጎማ ሲጢጥ ይላል። የሞተው ሰውዬ ዓይኑን ሁለት ጊዜ አርገበገበ፤ የሞተው ጎሚስታው ነበር፤ «ዝንብ ነው፣ ዝንብ!» ብሎ ከጨለማው ውስጥ ራሱን ተከላከለ። ከዚያ አንዲት ልጅ ከድልድዩ አጠገብ ልብስ ስታጥብ ታየች። ጭሱ መጣ። ሸምበቆው ተንቀሳቀሰ። እናም...

«ወለላዬ!»

ሳቁ በቢላ እንደተቆረጠ ቆመ። አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ያዘ። የሚያስል አላሳለ፣ ሕፃን አላለቀሰ። ከኋላ የቆመው የጫማ ሰፊው ልጅ የሸሚዙን ኮሌታ ይነክሳል። ኃላፊው ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። ዞሮም ኋላውን አየ። ያ ሁሉ ፊት በአንድነት፣ ጆሮውን ቀስሮ፣ የሆነ ነገር ይጠብቃል። ማሽኑ ፊት ተቀምጠው ያያቸው እነዚያው ፊቶች ናቸው። እዚህ ደግሞ ያሳደማቸው የለም፤ አሳዳሚ የተባለችው አጠገቡ ነች፣ እሷም ራሷ...

እሷማ እዚያ አልነበረችም። እትዬ መስኮት የራሷን ድምፅ ከውጭ ሆና ሰምታ አታውቅም። ከዚያ ጨለማ ውስጥ የጠራት የማንም ድምፅ አልነበረም፤ የእናቷ ነበር። ከደጃፉ ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «የት ገባች ይቺ ልጅ» ብላ እየጠረጠረች የምትጠራት እናቷ። እትዬ መስኮት፣ ወተት የምታሸተዋ፣ እንቁላል በፀሐይ የምታየዋ፣ ሁለተኛውን ሳትጠብቅ ብድግ አለች።

«አቤት፣ እማዬ!»

የዚያን ጊዜ ጩኸት ነው ጩኸት! ወንበር ተገለበጠ። ሴቱ ቀሚሷን ይዞ አስቀራት፣ «አትሂጂ! አትሂጂ!» ተባለ። ኃላፊው ዘሎ የጎሚስታው አንገት ላይ ተጠመጠመ። የጫማ ሰፊው ልጅ በደስታ መሬቱን በእግሩ ደበደበ።

ውጭ ሲወጡ እትዬ መስኮት ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ድምፄ እንዲህ ነው እንዴ?» አለች።

«ከተጋባን ጀምሮ» አላት ጎሚስታው። «እናትሽን ነው ያገባሁት ስል ቀልድ ይመስልሽ ነበር።»

ኃላፊው ከኋላቸው ደረሰ፣ ክራቫቱ ጀርባው ላይ ዞሯል። «ይጠብቁ ነበር» አለ። «ሰዎቹ። ሁለተ—»

ጎሚስታው ጎማ ጎማ የሚሸት መዳፉን በኃላፊው አፍ ላይ ጫነ። «ቀስ፣ ጌታዬ። ወንዙ ቅርብ ነው።» ኃላፊው ቁልቁል ወደ ሸምበቆው አየ። ከመዳፉ በላይ ዓይኖቹ ብቻ፣ ገባኝ አሉ።

ዛሬ ጠዋት ገና ሳይነጋጋ የእትዬ መስኮት በር ተንኳኳ። የኃላፊውን ኮቴ ታውቀዋለች። ተነሥታ ከበሩ ኋላ ቆመች፣ አልከፈተችም። ልታባርረኝ ነው የመጣኸው? አለች በልቧ። ውጭ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እናም ደግሞ አንኳኳ።

እትዬ መስኮት ያን ሁለተኛ ማንኳኳት ስትሰማ መቀርቀሪያውን ሳበች። ከፈተች።

«መስኮቱን ይክፈቱልኝ» አላት ኃላፊው። ለምን እንደሆነ አልተናገረም። እሷም፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አልጠየቀችም።

ማሽኑ እዚያው ጥጉ ላይ ቆሟል፤ እትዬ መስኮት አንሶላ አልብሳዋለች። ለምን አልኳት። «ጆሮ ካለው ማን ያውቃል?» አለችኝ፣ ቅንድቧ እንደ ተሰቀለ። የጫማ ሰፊው ልጅም ለሌላ ፊልም ሊያስማማት መስኮቱ ላይ ተደግፎ ነበር፤ «እርግጠኛ ነህ?» ስትለው ትቻቸው ወጣሁ።

በሉ ልሂድ! ከድልድዩ ማዶ ያለችው እህቴ ገና አልሰማችም። ሌላ ሰው ቀድሞ ከነገራት ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል። ከደጇ ቆሜ እጠራታለሁ። ዝም ትለኛለች፤ ደግሜ እጠራታለሁ።